ያለ ወረቀት መጫወት

ልጅዎ ኮሌጅ ገባ፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎንም ጊታር ጀመረ እንበል። ዓመቱ አልቆ ለዕረፍት ሲመጣ፣ ቡና ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቦ «እስቲ የተማርከውን አሰማን» ይሉታል። ልጁም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያልሰማውን፣ ራሱና ጅራቱ የማይለይ ነገር ይጫወታል። «የማን ዘፈን ነው?» ቢሉት «የማንም አይደለም፤ አሁን የፈጠርኩት ነው» ይላል። አባት ዝም ይላል። እናት «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ወደ ጀበናዋ ትዞራለች። የልባቸውን የሚናገሩት አያት ናቸው፦ «ታዲያ ይሄን ለመማር ነው ያን ሁሉ ብር የከፈልነው?»

ይህ ጥያቄ በየክረምቱ ይደርሰኛል። ጊታር አስተምራለሁ፤ በጋውን ጎንደር፣ ክረምቱን ደግሞ ተወልጄ ባደግሁባት አዲ አርቃይ። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ ቁልቁል ወርደው፣ ዛሪማን አልፈው የሚያገኟት ከተማ ናት፤ ቀና ሲሉ የሰሜን ተራሮች ገደል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ባለፈው ክረምት ከየኮሌጁ ለዕረፍት የመጡ አምስት ጀማሪዎች እናቴ ግቢ እየተሰበሰቡ ይማሩ ነበር። አምስት ተማሪ፣ ሁለት ጊታር። ሁለቱ ሲጫወቱ ሦስቱ መስማት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ለዚህ ትምህርት ከዚያ የተሻለ ክፍል አላውቅም።

ትምህርቱ የጃዝ ኢምፕሮቫይዜሽን ነው። ጃዝ ውስጥ አንድ ዜማ በመጀመሪያ እንዳለ ይቀርባል፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ዜማውን የሚያጅቡት ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ተራቸውን ጠብቀው እየዞሩ ሳለ ተጫዋቹ እዚያው በላያቸው ሌላ ዜማ ይፈጥራል። ሲበቃው ወደ መጀመሪያው ዜማ ይመለሳል። እናም አያት ያጡት ራስና ጅራት አለ፤ ልጁ በልቡ ይዞት ነው እንጂ። እዚህ ላይ ግን እኔ ከአያት ጋር ነኝ። ዜማውን ሳያሰሙ ወደ ፈጠራው መግባት እንግዳን ደጅ ላይ ሳይቀበሉ ጓዳ እንደማስገባት ነው።

«ኢምፕሮቫይዜሽን» ለምላስ ስለሚከብድ እኛ ከቅኔ ቤት ተውሰን «ዘረፋ» እንለዋለን። የአንዱ ተማሪ አባት ልጁ በስልክ «ዛሬ ሙሉ ቀን ዘረፋ ስንለማመድ ዋልን» ሲል ሰምቶ ደንግጦ ግቢያችን ድረስ መጥቷል።

ቃሉን የተዋስነው ግን ለቀልድ አይደለም። ከተማሪዎቹ የአንዱ አያት በወጣትነታቸው ጎጃም ተሻግረው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ሁለት ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆዩና «አንቱ መምህር፣ ይሄ እኮ ቅኔ ቆጠራ ነው» አሉኝ። ነው። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያ ከሰው ገለል ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ካልሆነለትም እንደገና ይሰደዋል። የትናንቱን ይዞ መምጣት አይቻልም፤ ቅኔ አንዴ ከተባለ ተባለ። ደግሞም ገና የጀመረውን ልጅ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቁጠር የሚለው የለም። የሚጀምረው በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ነው።

ስለ ዘረፋ ከወላጆች የምሰማው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ «ይሄ ከላይ የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ የኔ ልጅ የለውም» ይላል። ሌላው «እንደመጣልህ መምታት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ይላል። የቅኔ መምህራን ሁለቱንም አልተቀበሉም። ጸጋው እስኪገለጥ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፣ እንደመጣልህ በልም አላሉም፤ ሁለት ቤት ሰጥተው በየቀኑ አዲስ አምጣ አሉ። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

የኔ ጉባኤ ቃና ሦስት ድምፅ ናት፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ተማሪው በእነዚህ ብቻ አጭር ነገር ይጫወታል፤ እኔ በእነዚያው እመልስለታለሁ፤ እሱ ደግሞ የኔን ሰምቶ ይመልሳል። ጎንደር አዝማሪ ቤት ተቀምጦ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የወረወረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰውየው ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበልና በማሲንቆው ዜማ አስገብቶ፣ ትንሽ አጣፍጦ ወይም ወደ ሰጪው አዙሮ ይለዋል። ጃዝ ተጫዋቾችም እንዲሁ አራት አራት ባር እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። በሦስት ድምፅ መናገር የማይችል ልጅ አሥራ ሁለቱን ድምፅ ብሰጠው የሚበዛው ጫጫታው ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ አጠባለሁ? ጊታር ለጀማሪ አታላይ ስለሆነ ነው። ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ያለው አንድ ቦታ ነው። ጊታር ላይ ግን ቀጭኗ አንደኛ ክር ሳትያዝ ስትመታ የምትሰጠው ሚ፣ ሁለተኛው ክር ላይ በ5ኛው ፍሬት፣ ሦስተኛው ላይ በ9ኛው፣ አራተኛው ላይ በ14ኛው ያው ራሷ ትገኛለች። ተማሪው በዚህ ሲደናገር ድምፁን ትቶ የጣቱን ቅርጽ ይሸመድዳል። እጁ የለመደውን ሳጥን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል፤ ጆሮው ከኋላ ቀርቷል። ፈጣን ነው፤ ለዘመድ ሲያሳዩትም ያስደንቃል። ግን ምን እንደተናገረ ራሱም አያውቅም።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት አምስቱን ክር ትተው በአንዷ ብቻ እንዲጫወቱ አዘዝኩ። አጉረመረሙ። በቦስተን ያስተማረው አሜሪካዊው ጊታሪስት ሚክ ጉድሪክ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ ተማሪውን የሚያስጀምረው በዚሁ፣ በአንድ ክር ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ መጽሐፉም አያስፈልገውም። ማሲንቆ ስንት ክር አለው? አንድ ክር ላይ ሳጥን የለም። ድምፁ ከፍ ካለ እጅ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ዝቅ ካለ ይመለሳል፤ ዓይንም ጆሮም አንድ ነገር ያያሉ። ጃንጎ ሬይንሃርት የተባለው የአውሮፓ ጃዝ ታላቅ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተው፣ ያንን ሁሉ ዜማ የፈጠረው በዋናነት በቀሩት ሁለቱ ነበር። ይህን ነግሬያቸው ማጉረምረሙ ቀነሰ።

ሌላው ሕግ፦ ያላንጎራጎርከውን አትምታ። መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በጣት። በዚህ ጊዜ ነው ከቤት የመጣው ነገር የሚወጣው። በዓለም ዙሪያ ጊታር ጀማሪዎች ለብሉዝና ለጃዝ ብለው መጀመሪያ የሚማሩት አምስት ድምፅ ያለው ስኬል አለ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ይህ እኛ ዘንድ ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ነው። የሌላው አገር ተማሪ እንደ አዲስ ቋንቋ የሚያጠናውን የአዲ አርቃይ ልጅ በሠርግ ቤትና በሬዲዮ ሲሰማው ነው ያደገው። የሚገርመው ደግሞ እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዞ ማረፊያውን ከላ ወደ ዶ ቢያዛውር ትዝታ ሜጀር ይሆኑለታል። ድምፆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። አንድ ተማሪ ይህን በጆሮው ያገኘ ዕለት ጊታሩን አስቀምጦ «እንዴ!» ብሎ ተነሥቶ ግቢውን ዞረ።

በአንድ ቅኝት ብቻ ረጅም ጊዜ መቆየት የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለ አልበም ያዳምጥ። የመጀመሪያው ቁራጭ 32 ባር ነው። 16ቱ በአንድ ስኬል ይሄዳሉ፤ ቀጣዮቹ 8 በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ፣ ጊታር ላይ አንድ ፍሬት ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹ 8 ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በቃ። በጃዝ ታሪክ እጅግ ከሚሰሙት አልበሞች አንዱ የተከፈተው በዚህ ነው።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪ ልንገራችሁ።

ወረቀት ሲቀመጥላት ከአምስቱ የሚደርስባት የለም። ኖታን እንደ ጋዜጣ ታነባለች። ወረቀቱ ሲነሣ ግን እጇ ይቆማል። ላ፣ ዶ፣ ሬ ብቻ ብዬ ሰጥቻት እንኳ «የትኛውን ልምታ?» ትለኛለች። «ደስ ያለሽን» ስላት ይብስባታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአዲ አርቃይ ሲያልፍ ይህች ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ትምህርቷ ተቋርጦ፣ ያመለጣትን በጥድፊያ ሸምድዳ ነው ፈተናውን ያለፈችው። ለእሷ ትምህርት ማለት ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ ነው፤ አንዱ ልክ፣ ሦስቱ ስሕተት። እኔ ደግሞ ሦስቱም ልክ ናቸው እላታለሁ። እንዴት ትመነኝ?

አያቷ በአካባቢው የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ሥራ፣ የወገኑን ስም፣ የቀረበትን ሁሉ እዚያው በግጥም እየፈጠሩ ያወርዳሉ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያላለቀሱበት ቤት ጥቂት ነው። ቤት ውስጥም እህል ሲለቅሙ ከአፋቸው እንጉርጉሮ አይጠፋም። ልጅቷን «ጊታሩን ተይው፤ ሦስት ቀን አያትሽ ዘንድ ተቀመጪና የሰማሽውን አምጪልኝ» አልኳት።

በአራተኛው ቀን መጣች። በአንድ ክር ላይ እየፈለገች አምስት ድምፅ አገኘች፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ትዝታ ማይነር ነው። እኔ ከሥር የላ ማይነር ኮርድ ብቻ ያዝኩላት። መጀመሪያ የአያቷን ዜማ እንዳለ መታችው። ሁለተኛ ስትደግመው መጨረሻው ላይ ሌላ መታጠፊያ ወሰደች። ሦስተኛው ላይ አጀማመሩም ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደዞረች አልቆጠርኩም፤ ሌሎቹ አራቱ ስልካቸውን አስቀምጠው ነበር። «ልክ ነኝ?» ብላ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ አያቷ ጥላቸውን ይዘው ለቡና ብቅ አሉ። የልጅ ልጃቸውን ካዳመጡ በኋላ እንዴት ነው አልኳቸው። «ደግ ነው» አሉ። «ግን ልጅቱ ትንፋሽ አትወስድም። አልቃሽ ትንፋሽ ካልወሰደች ሰዉ መቼ ያለቅሳል?»

ይህን የሰማሁበት ቀን የክረምቱ ትምህርት ለሁለት ተከፈለ ማለት ይቻላል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ወደደም ጠላም ይተነፍሳል፤ ሳክስፎን ተጫዋቹም እንዲሁ። ጊታር ግን ትንፋሽ አይጠይቅም። ጀማሪ ጊታሪስት ዝምታን ይፈራል፤ ዝም ካለ ያለቀበት የሚታወቅበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አየር ስቦ፣ እያወጣ ብቻ መጫወት፤ አየሩ ሲያልቅ እጅም መቆም ግድ ሆነ። በአንድ ሳምንት የአራቱ ጨዋታ ንግግር መሰለ። አምስተኛው እስካሁን ፍጥነት ይወዳል። ልቡ ደህና ነው፤ ዕድሜ ያበርደዋል።

የበርጩማው አያት አንድ ቀን «ይሁን፣ ቅኔ ቆጠራውን ይምሰል፤ ጊታር ግን የያሬድ አይደለም» አሉኝ። ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን እዚሁ ሰሜን እንዳሳለፈ ይነገራል፤ በስሙ የሚጠራው አባ ያሬድ ተራራም እዚሁ ሰሜን ውስጥ ነው፤ ቢከራከሩ ያምርባቸዋል። አይደለም አልኳቸው፤ ጃዝም የኛ አይደለም፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጣ ነው። እኔ መዝሙር ቤት ግቡበት አላልኩም። ግን ልጆቹ ባዕድ መሣሪያ ይዘው የቤታቸውን ቅኝት ሲፈልጉበት አይከፋኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በዚሁ በያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የውጭውን መሣሪያ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ጎን ለጎን ያስተምራል።

ከዚህ የሚከብደው የወላጆች ጥያቄ ሌላ ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት። «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው?» እና «ያበላዋል ወይ?» ለመጀመሪያው፣ አዝማሪ ስድብ ሆኖ የኖረበት ዘመን ብዙ እንደጎዳን ከመናገር ወደኋላ አልልም። በሠርጋችን እየጠራን፣ በግጥሙ እየሳቅን፣ ልጁን ለልጃችን አንፈልግም ያልነው እኛው ነን። ለሁለተኛው ግን አልዋሽም። በአገራችን በጃዝ ብቻ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። መድረኩም ስስ ነው፤ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል እዚያው ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ የሚባለው የጃዝ ቤት አብሮ ሄደ። የሚጫወቱት ልጆች ሠርግም ይሠራሉ፣ ስቱዲዮም ይገባሉ፣ ያስተምራሉም። ስለዚህ ኮሌጅ የገባበትን ትምህርት ይተው የምል ሰው አይደለሁም።

ቢሆንም ሙላቱ አስታጥቄን ማንሣት ግድ ነው። ጅማ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ዌልስ የላኩት ኢንጂነር እንዲሆን ነበር። ከዚያ ወደ ሙዚቃ ዞሮ ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ተማረ። አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን በጃዝ ኮርድ ላይ አስቀምጦ ኢትዮ ጃዝ የምንለውን አመጣ። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት የሠራው እሱ ነው። ልጅዎ ሙላቱ ይሆናል እያልኩ አይደለም። የሙላቱ ወላጆችም ይሆናል ብለው አልጠበቁም።

እንግዲህ ልጁ ለገና ወይም ለፋሲካ ሲመጣ «የምናውቀውን ዘፈን ተጫወትልን» ከማለት አንድ የሚወዱትን ዜማ ራሳቸው አንጎራጉረው «ተቀበል!» ይበሉት። ድምፄ ሻካራ ነው ብለው አይፈሩ፤ ለሥራው የሚያስፈልገው የእርስዎ ሻካራ ድምፅ ነው። መጀመሪያ እንዳለ ያስመታዋል፣ ከዚያ ይለውጠዋል። ሲያበላሽ ዝም ይበሉ። አራት ጊዜ ከዞረ በኋላ ግን ዜማዎ የጠፋበት ከመሰለዎ ይንገሩት፤ የቅኔ መምህርም ያርማል። ሌሊት ከሆነና እንቅልፍ ከነሣችሁ ፒኩን ቀምታችሁ በአውራ ጣቱ እንዲመታ አድርጉ። ዌስ ሞንትጎመሪ የሚባለው ታላቅ የጃዝ ጊታሪስት በአውራ ጣት መምታት የጀመረው ሌሊት ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ነው ይባላል፤ ለስላሳ ድምፁም ከዚያው መጣ።

አምስቱ ልጆች መስከረም ላይ ተሳፍረው ሄዱ። ሁለቱ ጊታሮች እናቴ ቤት ናቸው፤ የአንደኛው ቀጭኗ ክር ተበጥሳለች። ቶሎ የምትበጠሰው እሷ ናት፤ አዲ አርቃይ አትገኝምና ከጎንደር የሚወርድ ዘመድ ያለው ሰው ሁለት ሦስት ቢያስይዝልኝ ብሩን እከፍላለሁ።